ከቆርቆሮው ጩኸት እስከ ጓሮው ጭቃ፦ ለጎጃም መዋዕለ ሕፃናት የክረምት ጨዋታዎች መመሪያ

በጎጃም ደጋ ሰኔ ከገባ በኋላ የመዋዕለ ሕፃናትን ውሎ የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የቆርቆሮ ጣራው ጩኸትና የረጠበ ልብስ። ዶፉ ሲወርድ የመምህሯ ድምፅ ከፊት ረድፍ አያልፍም። አንዴ የራሰ ሕፃን ደግሞ ወላጁ እስኪመጣ ሲንቀጠቀጥ ይውላል፤ ጨዋታውም ትምህርቱም አይገባውም። በብዙ ቦታ የተለመደው መላ ልጆቹን አግዳሚ ላይ ደርድሮ ፊደል ማስቆጠር ነው። ፊደሉ አይሰማም፣ ልጆቹም ቁጭ ባሉበት ይበርዳቸዋል።

በዚህ መመሪያ ውሎው የሚከፈለው በዝናቡ ጠባይ ነው። ዶፍ ሲሆን ድምፅ የማይፈልግ ጨዋታ፣ ሲያካፋ የበረንዳ ሥራ፣ ሲያባራ የጓሮ ውሃና ጭቃ። የተዘጋጀው ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ ለመዋዕለ ሕፃናትም ከ1ኛ ክፍል በፊት ላለው ኦ ክፍልም ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ መደበኛው ትምህርት ስለሚዘጋ የሚሠራበት ጊዜ በሰኔ፣ በመስከረም መጀመሪያና በክረምት መርሐ ግብሮች ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ የውጭውን ሥራ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ አድርጉት።

መጀመሪያ በሩን አዘጋጁ

ልጅ ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት የሚመለስበት መንገድ መዘጋጀት አለበት። ይህ ካልተሠራ የሚቀጥለው ሁሉ አንድ ቀን ተሞክሮ የሚተው ነገር ይሆናል።

በረንዳው ላይ ሦስት ቦታ ለዩ። አንደኛው ጭቃ ማራገፊያ ነው፤ በሁለት የተደረበ አሮጌ ጆንያ ይበቃል። ሁለተኛው እግር ማጠቢያ ነው፦ አንድ ሳፋ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ፣ ሳሙና፣ ሁለት ሦስት ደረቅ ጨርቅ። ሦስተኛው ልብስ ማስጫ ነው። ገመዱ ከአዋቂ ራስ በላይ ይወጠር፤ በልጅ አንገት ቁመት ላይ የተወጠረ ገመድ ሲሮጡ ያንቃቸዋል።

ተቀያሪ ልብስ ለ20 ልጅ 5 ሱሪ፣ 5 ሹራብና 10 ጥንድ ካልሲ ካለ ይበቃል። ወላጆችን ለልጃቸው ያነሰውን እንዲያመጡ ብትጠይቁ በአንድ ሳምንት ይሞላል። ቀድሞ የሚያልቀው ካልሲው ነው፤ ስለዚህ እሱን አብዙ።

ሽርጥ ከስኳር ወይም ከዱቄት ጆንያ ይሠራል። የ50 ኪሎውን ጆንያ ወገቡ ላይ ለሁለት ቁረጡት። የታችኛውን ግማሽ ገልብጡና ስፌቱ ባለበት በኩል ለራስ 28 ሴንቲ ሜትር፣ በጎንና በጎኑ ለክንድ 18 ሴንቲ ሜትር ክፈቱ። ጆንያው እንዳይተረተር አንድ አዋቂ ልጆቹ በሌሉበት ጠርዙን በሻማ ለብለብ ያድርገው። አንገት ላይ የሚታሰር ክር አይደረግለትም። የላይኛው ግማሽ ለበሩ ምንጣፍ ይሆናል። የዩሪያና የዳፕ ማዳበሪያ ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የተያዘበት ከረጢት ግን ታጥቦም ቢሆን ለልጅ አይሆንም።

ጫማው ቦቲ ቢሆን ጥሩ፤ ኮንጎ ጫማም ይሠራል፣ እንዲያውም ቶሎ ይደርቃል። ባዶ እግር በጭቃ መጫወት ግን በጎጃም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በምሥራቅም በምዕራብም ጎጃም የሚታየው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ የሚመጣው ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ የሸክላ አፈር ከመርገጥ ነው። የአንድ ቀን ጨዋታ አያመጣውም። ሆኖም ጫማ አድርጎ መውጣትን፣ ሲመለሱ በሳሙና መታጠብንና በጣቶቹ መሃል ማድረቅን ልጅ የሚለምደው በዚህ ዕድሜ ነውና የጨዋታው ክፍል አድርጉት። ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን እግር ቢያደርቅ ሥራው ይፈጥናል፣ ሳቁም ይበዛል።

ክፍሉን ለማሞቅ ወይም ልብስ ለማድረቅ የከሰል ምድጃ አታስገቡ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በዝናብ ምክንያት መስኮትና በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል።

ዶፍ ሲወርድ

እዚህ ላይ ዋናው ስህተት ዶፉ ከጀመረ በኋላ የጨዋታ ሕግ ለማስረዳት መሞከር ነው። ሕጉ ፀሐይ በወጣበት ቀን ይለመድ፤ ዶፍ ሲመጣ ምልክቱ ብቻ ይታይ።

የጨርቅ ጨዋታ። 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሦስት ጨርቆች ያስፈልጋሉ፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አረንጓዴ ሲወጣ ባሉበት ይሮጣሉ፣ ቢጫ ሲወጣ እንደ ድመት በእግር ጣት ይራመዳሉ፣ ቀይ ሲወጣ ድርቅ ብለው ይቆማሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቀለም ብቻ ተጠቀሙ፣ ሦስተኛውን በማግስቱ ጨምሩ። አራተኛ ቀለም፣ ለምሳሌ ሰማያዊ ሲወጣ እንደ እንቁራሪት ቁጢጥ ማለት፣ ለ6 ዓመቶቹ እንጂ ለ4 ዓመቶቹ አይሆንም። ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ካለፈ መገፋፋት ይጀምራሉ። ሦስት አራት ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ ጨርቁን ለአንድ ልጅ ስጡት፤ ዓይን አፋሩን ልጅ ብትመርጡ ሳይናገር ክፍሉን ሲያዝ ታዩታላችሁ።

ጣራውን ማዳመጥ። ይህኛው ምልክት ሰጪም አይፈልግም፤ ምልክቱን የሚሰጠው ጣራው ነው። ዝናቡ ሲበረታ ባሉበት በፍጥነት ይረግጣሉ፣ ሲቀንስ ያዘግማሉ፣ ቀጥ ሲል ይቀመጣሉ። እንዳይጋጩ እያንዳንዱ ልጅ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የራሱ ክብ ይኑረው። ሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ይሰመራል፤ የአፈር ወለል ጠመኔ ስለማይዝ በአመድ ምልክት አድርጉ። ቆርኪ መደርደር ቀላል ይመስላል፣ ግን ልጅ ሲረግጠው ያንሸራትታል።

የባትሪ ጥላ። በዶፍ ጊዜ ክፍሉ ስለሚጨልም መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ይሠራል። የእጅ ባትሪውን ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል አርቃችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡ፤ እጆቹ ከግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ። ከዚያ ቢቀርቡ ጥላው ያንሳል፣ ወደ ባትሪው ቢሄዱ ይገዝፍና ጠርዙ ይደበዝዛል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው እንዲያገኙት ተዉአቸው። አንድ መስኮት ገርበብ ብሎ ይቆይ፤ ነጎድጓድ ባለበት ድቅድቅ ጨለማ የሚፈሩ ልጆች አሉ። ሻማ በባትሪ ፈንታ አይገባም።

ዶፉ ቀዝቀዝ ብሎ ድምፅ መሰማት ሲጀምር እንቆቅልሽ ይገባል። ልጆቹ ከቤታቸው ያውቁታል፦ «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ»፣ መልሱ ያልመጣለት አገር ይሰጣል። የሚሰጡት አገር የሚያውቁት ይሁን፤ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ሞጣ፣ ደጀን። ለክረምት የሚሆኑ አራት እነሆ፦

ከላይ ይመጣል መሰላል የለው፣ ጣራ ይደበድባል በትር የለው። (ዝናብ)
ሲደርቅ ዱላ፣ ሲዘንብ ጣራ። (ጃንጥላ)
ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ሲነኩት ቤቱ ይገባል። (ቀንድ አውጣ)
ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል፣ ጠዋት ቢፈልጉት ውሃ ውስጥ ገብቷል። (እንቁራሪት)

ለ4 ዓመት ልጅ በቃል ብቻ ይከብዳል። መልሱን በሥዕል ወይም በዕቃ አድርጋችሁ ከሌሎች ሦስት ነገሮች ጋር ፊቱ አስቀምጡለትና ይምረጥ።

ሲያካፋ፣ በረንዳ ላይ

የጠብታ ድምፅ። ከጣራው ጠርዝ ውሃ በሚንጠባጠብበት መስመር አምስት ነገሮች ደርድሩ፦ የተደፋ ጣሳ፣ የተደፋ የፕላስቲክ ባልዲ፣ የኮባ ቅጠል፣ የታጠፈ ጨርቅ፣ ውሃ ያለበት ኩባያ። ልጆቹ መጀመሪያ እያዩ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ጀርባቸውን አዙረው የትኛው እንደሆነ ይገምታሉ። ጠብታው ሁሉም ላይ ባንድ ጊዜ ስለሚወድቅ ግምቱ የሚሠራው አራቱን ከመስመሩ ገለል አድርጋችሁ አንዱን ብቻ ስታስገቡ ነው። አሸንዳ ባለው ቤት ጠብታ የለም፤ ጀሪካን ክዳኑ ላይ በሚስማር ቀዳድታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ዘቅዝቁት። የጣራ ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ለጨዋታ እንጂ ለመጠጥ አይደለም። እጃቸውን ዘርግተው የሚልሱ አይጠፉም፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ማን ዝናብ ይችላል? ከእረኛ ቤት አንድ ገሳ፣ ከሣር የተሠራ የዝናብ ካባ፣ ከተገኘ ይህ የክረምቱ ምርጥ ሙከራ ነው። ገሳ፣ ጋቢ፣ የኮባ ቅጠል፣ ላስቲክና ጋዜጣ አዘጋጁ። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ጉንጉን ደረቅ ጥጥ አስቀምጡና ከላይ እኩል አንድ ትንሽ ኩባያ ውሃ በቀስታ አፍስሱ። ገሳው ጠፍጣፋ ከተኛ ያሳልፋል። ሣሩ ውሃውን የሚያወርደው ተዳፋት ሆኖ ሲንጠለጠል ነውና እረኛው ጀርባ ላይ እንደሚሆነው አዘንብሉት። ልጆቹ ጥጡን ነክተው «ደረቅ» ወይም «እርጥብ» ይላሉ፣ በሁለት ሳፋ ይለያሉ። ገሳው ለምን እንደቻለ ከመንገራችሁ በፊት አንድ ልጅ ለብሶት ካፊያ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ይቁም።

የዝናብ ሥዕል። በውሃ የሚለቅ ማርከር፣ ጠንከር ያለ ወረቀትና ትሪ። ልጁ ወረቀቱ ላይ ሰፋ ሰፋ ያሉ ነጥቦች ያደርጋል፣ ወረቀቱን ትሪ ላይ አድርጎ ወደ ካፊያው ይዘረጋና እስከ 10 ይቆጥራል። ዝናቡ ከበረታ 5 ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ቀለሙ ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል። እስክሪብቶና የማይለቀው ማርከር አይፈሱም፣ የሰም ክሬዮንም ውሃ ስለማይቀበል አይለቅም። ይልቅ ክሬዮኑን ከማርከሩ ጋር ብትቀላቅሉት ማርከሩ ሲፈስ የክሬዮኑ መስመር እንደነበረ ይቀራል። ሥዕሉ ተጋድሞ ይድረቅ፤ ገመድ ላይ ከተሰቀለ ቀለሙ ወደ ታች ይወርዳል።

የዝናብ መለኪያ። ጎኑ ቀጥ ያለ የ2 ሊትር ሃይላንድ ምረጡ። ወገቡ የጠበበ ወይም የተሸበሸበ ከሆነ ልኬቱ ይሳሳታል።

1. ጠርሙሱን ከአፉ አንድ ሦስተኛው ላይ ቁረጡ፤ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑ፣ አለዚያ እጅ ይቆርጣል።
2. የሥሩን ጎድጓዳ ለመድፈንና ንፋስ እንዳይጥለው እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ጠጠር ጨምሩ።
3. ጠጠሩን እስኪሸፍን ውሃ ሙሉና በውሃው ልክ መስመር አድርጉ። ዜሮው ይህ ነው።
4. የላይኛውን ቁራጭ ክዳኑን አውልቃችሁ ዘቅዝቃችሁ ክተቱት። ማንቆርቆሪያም ይሆናል፣ ትነትም ይቀንሳል።
5. ከዛፍና ከጣራ ጠርዝ ርቆ ሜዳ ላይ፣ በሦስት ድንጋይ መሃል አቁሙት።

ዘወትር ጠዋት በ3 ሰዓት ከዜሮው መስመር በላይ ያለውን ውሃ ለኩ። ለሕፃናት ሚሊ ሜትር ማለት ምንም አይደለም፤ ስለዚህ ልጁ ባለ ቀለም ወረቀት ጠርሙሱ ላይ አስደግፎ በውሃው ቁመት ልክ ይቁረጥና ግድግዳ ላይ በዕለቱ ስም ሥር ይለጥፍ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማንበብ የማይችል ልጅ ማክሰኞ ከሰኞ የበለጠ እንደዘነበ እያሳየ ይከራከራል። በየቀኑ ከተለካ በኋላ ውሃውን እስከ ዜሮው ድረስ መልሱት። ይህ ከተረሳ የሁለት ቀን ዝናብ ባንድ ላይ ይለካል፤ በጣም የተለመደው ስህተትም ይኸው ነው። ለመምህሩ ማወቂያ ያህል፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው።

ሲያባራ፣ ዓባይን ጓሮ ውስጥ መሥራት

ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ሕግ። አንድ፣ ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ይገባል፤ የሚወጣውም ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ዛፍ ሥርም በብረት የባንዲራ ዘንግ አጠገብም አይቆምም። ሁለት፣ አንድ አዋቂ ከ8 እስከ 10 ልጅ በላይ ይዞ ውሃ ላይ አይወጣ። 40 ልጅ ያለው ክፍል በየተራ ይውጣ፤ የቀሩት ከረዳቷ ጋር በረንዳ ላይ ይሥሩ። ረዳት ከሌለ ይህን ሥራ ወላጅ በሚገኝበት ቀን አድርጉት። ትንሽ ልጅ በግንባሩ ከወደቀ ስንዝር በማይሞላ ውሃም ሊሰጥም ይችላል። ለውሃውም ከቧንቧ ወይም ከጣራ የተጠራቀመ ተጠቀሙ፤ የወንዝና የመስኖ ውሃ ቢልሃርዝያ ሊኖርበት ይችላል።

የጎጃም ልጅ የሚኖረው ዓባይ በከበበው አገር ውስጥ ነው፤ ግሽ ዓባይ ሰከላ ላይ ይመነጫል፣ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ሰሜን ጣና ይገባል፣ በባሕር ዳር ይወጣል፣ በጢስ ዓባይ ወርዶ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ዞሮ ይሄዳል። ይህ በ2 ሜትር በ2 ሜትር መሬት ላይ ይሠራል። ከጭቃ ቤት ግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፣ ርጥበቱ መሠረቱን ይጎዳል።

1. ከአንድ ቀን በፊት አዋቂ መሬቱን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል በዶማ ይቆፍር፤ ድንጋይ፣ የጠርሙስ ስባሪና ሚስማር ይልቀም።
2. ጠዋት ልጆቹ ፀሐይን በቀኝ እጃቸው በኩል አድርገው ይቁሙ። ፊታቸው ያለው ሰሜን ነው። እዚያ አንድ ዱላ ትከሉ።
3. መሃሉ ላይ፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ጠጋ ብሎ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ይከምሩና በመዳፍ ይደብድቡት። ይህ የጮቄ ተራራ ነው።
4. በሰሜኑ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ ይቆፈር፤ ላስቲክ አንጥፋችሁ ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ጣና ነው።
5. ከጣና ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ትንሽ ጉብታ ይሠራ፤ ግሽ ዓባይ ነው። ከዚያ ወደ ጣና በጣት የሚሰመር ቦይ ይውጣ።
6. በጣና ደቡብ ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቅ መውጫ ክፈቱ። ከመውጫው ትንሽ ወረድ ብሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ፣ ውሃው ከላዩ ዘሎ ይውረድ።
7. ቦዩ ጮቄን በምሥራቅ፣ በደቡብ፣ በምዕራብ ይዙር። ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ይሆናል። በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት አንድ ጣት ያህል፣ እየጠለቀ ይሂድ፤ ጫፉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መጨረሻው ወደ ሣር ይለቀቅ እንጂ ጉድጓድ አይሁን።
8. ክዳኑ በሚስማር ስድስት ቦታ የተበሳ ሃይላንድ ሞልታችሁ ግሽ ዓባይ ላይ አዝንቡ። ልጆቹ ተራ በተራ ይያዙ።

ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት በአንድ ጆግ ውሃ ፈትኑት። ጣና ሞልቶ በየአቅጣጫው ከፈሰሰ መውጫው ከሌላው ጠርዝ ከፍ ብሏል፤ አንድ ጣት ዝቅ አድርጉት። ውሃው ቦዩ ውስጥ ሰጥሞ ከቀረ አፈሩ ልል ነው፤ ቦዩን አርሳችሁ በዋልካ ጭቃ ለቅልቁት። ቦዩ ጮቄን በሚዞርበት ላይ ዳር ከተበሳ የሚበሳው ሁልጊዜ የመታጠፊያው ውጫዊ ዳር ነው፣ ውሃው የሚገፋው ያንን ነውና። እዚያ ጠጠር ደርድሩ፤ ወይም፣ የተሻለው ይህ ነው፣ አትደርድሩ፤ ልጆቹ የት እንደሚበሳ ገምተው ጠጠሩን ራሳቸው ያኑሩ።

በማግስቱ ጮቄን ለሁለት ክፈሉት። በግማሹ ላይ ከነሥሩ የተነሣ ሰርዶ አልብሱት፣ ግማሹ ባዶ አፈር ይሁን። ከሁለቱም ግርጌ አንዳንድ ኩባያ ቅበሩና እኩል ውሃ አዝንቡ። ከባዶው ወገን የሚጠራቀመው እንደ ዳማ ሻይ ሆኖ ይደፈርሳል፣ ከሰርዶው ያለው ይጠራል። በክረምት የጨሞጋና የሙጋ ወንዞች ለምን እንደሚቀሉ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። በምዕራቡ ጫፍ ላይ ግድብ መሥራታቸው አይቀርም፤ ሕዳሴ ከተመረቀበት ከጳጉሜን 2017 ወዲህ ማንም ሳይነግራቸው ይሠሩታል።

ጭቃ ለእጅ ሥራ

በመጽሐፍ ላይ ለዚህ ዕድሜ የሚመከረው የፉርኖ ዱቄትና የጨው ሊጥ ነው። እኛ አንመክረውም። በእህል መጫወት ነውር ነው የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው፣ በተለይ ጎተራ በሚጎድልበት ክረምት፤ ልክም ናቸው። ጨዉም ርጥበት ስለሚስብ ሊጡ በሐምሌ ይላቆጣል። ጭቃ አለ።

ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለ20 ልጅ፣ ለእያንዳንዱ የብርቱካን ያህል እንዲደርስ፣ በ1 ሊትር ጣሳ 3 ጣሳ ሸክላ አፈር ወይም ዋልካ፣ 1 ጣሳ የተነፋ አሸዋና አንድ እፍኝ በደንብ የደቀቀ የጤፍ ጭድ ቀላቅሉ። ምርጊት የሚመርግ ሰው ጭድ የሚጨምርበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፦ ጭዱ አፈሩን ይይዘዋል። አፈሩን መጀመሪያ በወንፊት ንፉት፤ ከከብት በረትና ከመፀዳጃ ቤት አካባቢ አይወሰድ። ውሃውን ከግማሽ ጣሳ ጀምራችሁ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፣ እሹት፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ያላደረ ጭቃ እጅ ላይ ይፍረከረካል።

ፈተናው ቀላል ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ገመድ አንከባሉና ቀለበት አድርጉት። ከተሰነጠቀ ደርቋል፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ቀጥኗል።

በሬ፣ ጀበና፣ ለቡሄ ደግሞ ሙልሙል ይሠራሉ። ቀንድና እግር ሲደርቅ ተገንጥሎ የሚወድቀው ተጭኖ ብቻ ስለሚለጠፍ ነው። ሁለቱንም ወገን በእንጨት ጫፍ ጫር ጫር አድርጉ፣ በቀጭን ጭቃ ቀቡ፣ ከዚያ ተጭናችሁ መገጣጠሚያውን በጣት ዳምጡ። ከ2 ሴንቲ ሜትር የወፈረ አካል ውስጡ ሳይደርቅ ላዩ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል፤ የበሬውን ሆድ ከሥር በማንኪያ ጎድጉዱት። ማድረቂያው ጥላ ነው፣ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ በየቀኑ እየተገለበጠ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ የተቀመጠው በአንድ ቀን ይፈነጠቃል።

በረዶ የጣለ ቀን

በረዶ ሲጥል ማንም አይወጣም፤ ሲያቆም ግን ፍጠኑ። ከሣር ላይ በንጹሕ ማንኪያ ልቀሙ። እንዳይበሉት፤ ከጣራና ከመሬት ቆሻሻ ይዟል። ቆላ ባሉ ቦታዎችና በባሕር ዳር በረዶው ካልተገኘ ከማቀዝቀዣ የወጣ ውሃ በረዶ ይሠራል።

ሁለት እኩል ኩባያ ውስጥ ሦስት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በረዶ አድርጉ። አንዱን አራት ጊዜ በታጠፈ ጋቢ ጠቅልሉት፣ ሌላውን እንዲሁ ተዉት። የትኛው ቀድሞ ይቀልጣል? ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጋቢው ውስጥ ያለው ይላሉ፣ ጋቢ ያሞቃላ። በየ10 ደቂቃው ክፈቱና ሳትቆዩ መልሳችሁ ጠቅልሉ። የሚቀልጠው ገላጣው ነው። ጋቢ ሙቀት አይሠራም፤ የሰውነትን ሙቀት እንዳይወጣ እንደሚይዝ ሁሉ የክፍሉን ሙቀት ወደ በረዶው እንዳይገባ ይከለክላል። ማብራሪያውን አሳጥሩት፣ ለዚህ ዕድሜ ማየቱ ይበልጣል። ጋቢው እርጥብ ከሆነ ወይም ልጆቹ በየደቂቃው ከገለጡት ልዩነቱ ይጠፋል።

ብቅል

ለዘር ሥራ ባቄላ በብዛት ይመረጣል፤ በደጋው ቅዝቃዜ ግን እስኪበቅል ሳምንት ይወስዳል፣ ልጆቹም ይረሱታል። ገብስ ይሻላል። ቤት ውስጥ ለጠላ ብቅል ሲበቅል ያላየ ልጅ ጥቂት ነው፣ ወላጅም ነውር አይለውም። ለአንድ ልጅ አንድ ማንኪያ ገብስ ለአንድ ቀንና ሌሊት ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይጠንፈፍ፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ተበትኖ በኮባ ቅጠል ይሸፈን። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ነጫጭ ሥር ይወጣል። ጠዋትና ከመውጫ ሰዓት በፊት ርጥበቱን እዩ፤ ውሃ ከተኛበት ይሸታል፣ ይሻግታልም። ገበያ ላይ ለዘር የሚሸጥ በመድኃኒት የታሸ ገብስ አትጠቀሙ። ሲጨርሱ ከፊሉን ትከሉ፣ የቀረው ለዶሮ ይሰጥ።

በየቀኑ መጨረሻ ሳፋ፣ ጣሳና ባልዲ ተደፍተው ይደሩ። በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምና በዓባይ ሸለቆ ቆላዎች የወባ ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር የምትደርሰው ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዓርብ የጣናውን ላስቲክ አንሡ፣ ውሃውን አፍስሱ፣ የዝናብ መለኪያውንም ለቅዳሜና እሑድ ደፍታችሁ አስገቡት። ሰኞ ጠዋት እንደገና እስከ ዜሮው ይሞላል፤ ያልተለኩትን ቀናት ቦታ ግድግዳው ላይ ባዶ ተዉት።